ማሽላ ውሃ አባካኝ ነው እንዴ?

«አሻራ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላችሁ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ተከላ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ አሻራ መተው ደግ ነገር ነው። በአካባቢ ሳይንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አሻራ ማለት ኑሯችን በተፈጥሮ ላይ የሚጥለው ሸክም ነው። ባነሰ ቁጥር ይመሰገናል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካናዳ ውስጥ ዊልያም ሪስና ማቲስ ዋከርናግል የሰው ፍጆታ ስንት መሬት እንደሚጠይቅ አሰሉ። በ2002 ኔዘርላንዳዊው አርየን ሁክስትራ የውሃ አሻራን አመጣ። የካርቦኑም የናይትሮጂኑም ተጨምሮ ዛሬ «የአሻራ ቤተሰብ» እስከመባል ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መስፍን መኮንንና ሁክስትራ የዓለምን ሰብሎች የውሃ አሻራ አስልተው አሳተሙ። በዓለም አማካይ 1 ኪሎ በቆሎ 1,222 ሊትር፣ 1 ኪሎ ማሽላ 3,048 ሊትር፣ 1 ኪሎ አትክልት 322 ሊትር ገደማ ይፈጃል።

እስቲ ይህን ይዘን ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት እንውረድ። የይፋት ቆላ ገበሬ ማሽላ የሚዘራው ድርቅ ስለሚችል ነው። በቁጥሩ ከሄድን ግን ማሽላው አባካኝ፣ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ቆጣቢ ሊሆኑ ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል?

ምስጢሩ ያለው ማካፈሉ ላይ ነው። የውሃ አሻራ የሚገኘው ሰብሉ የተጠቀመበት ውሃ ለምርቱ ሲካፈል ነው። 1 ሄክታር ማሽላ 4 ሚሊዮን ሊትር ዝናብ ተጠቅሞ 20 ኩንታል ሰጠ እንበል፤ ለኪሎ 2,000 ሊትር ደረሰ። ግሪሳ ወርዶ ግማሹን ቢበላው አሻራው 4,000 ይሆናል። ማሽላው አንድም ጠብታ አልጨመረም እኮ! ቁጥሩን ያሳደገችው ወፏ ናት።

ሁለተኛው ነገር የውሃው ዓይነት ነው። ከ3,048ቱ ሊትር 2,857ቱ «አረንጓዴ ውሃ» ነው፤ አፈር ውስጥ የቀረ ዝናብ ማለት ነው። በበጋ ከሮቢ ወንዝ የሚጠለፈው ግን «ሰማያዊ ውሃ» ነው። እላይ ያለው ሲጠልፈው ለታችኛው ይጎድልበታል። ጠብ የሚነሳው በዚህኛው እንጂ በማሽላው ዝናብ አይደለም።

እነመስፍንን መውቀስ አይገባም፤ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውንና ብክለትን የሚለካውን ግራጫ ውሃ ለይተው አስቀምጠዋል። ሦስቱን ደምሮ አንዷን ቁጥር ይዞ የሚሮጠው ሌላው ነው። ይህን ያዩ ተመራማሪዎች እያንዳንዱ ሊትር እንደ አካባቢው የውሃ እጥረት ይመዘን አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርትም ወደዚሁ ያዘነብላል። ሁክስትራ ግን የተመዘነ ሊትር ትክክለኛ የውሃ መጠን አይነግረንም ብሎ ተከራክሯል።

ለእኔ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ይቀረዋል። ስሌቱ በአብዛኛው የሚሠራው ከሩቅ፣ በኮምፒውተር ሞዴል ነው። የአዋሽ ተፋሰስ አማካይ ቁጥር በየካቲት ሮቢ ላይ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ አይነግራችሁም። ለዚያ ወንዙ ዳር ወርዶ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል፤ የአሻራ ምርምር አሁን ማደግ ያለበት በዚህ በኩል ነው።

ስለዚህ የአሻራ ቁጥር ስታዩ ጠይቁ፦ የትኛው ውሃ ነው? ለምን ተካፈለ? በየትኛው ወር፣ ከማን ወንዝ ተቀዳ? መልስ ከሌለው ማሽላው ላይ አትፍረዱ።