መስኮቱን ማን ይክፈተው? የናይቲንጌል መጽሐፍና የመማሪያ ክፍል አየር

ወይዘሪት ፍሎሬንስ ናይቲንጌል ስለ ሕሙማን አያያዝ የጻፉት ማስታወሻ በለንደን ታትሞ የወጣው በ1859 መጨረሻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም ነርሶች ስሙን ያውቁታል፤ መምህራንና የሕንፃ መሐንዲሶች ግን እምብዛም አይገልጡትም። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ አየር የሚናገር ከመሆኑም በላይ፣ ደራሲዋ ከሕሙማን ክፍል ወጥተው ከትምህርት ቤት በር የሚደርሱበት ቦታ አለው። የዚህ ሒስ ዓላማ ያንን ምዕራፍ በተማሪ ዐይን መርምሮ፣ ዛሬም የሚጸናውን ከማይጸናው መለየትና አንድ ትልቅ ነገር እንደ ጎደለው ማሳየት ነው።

የምዕራፉ ዋና ሐሳብ አጭር ነው። የአስታማሚ የመጀመሪያ ተግባር በሽተኛው የሚተነፍሰው አየር እንደ ውጭው አየር ንጹሕ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ይህንንም ስታደርግ በሽተኛው እንዳይበርደው መጠንቀቅ አለባት። ደራሲዋ ይህን ካሉ በኋላ ሰዎች የሚሳሳቱበትን ይዘረዝራሉ። መስኮት ተዘግቶ በር ቢከፈት የሚገባው የመተላለፊያው አየር እንጂ የውጭው ንጹሕ አየር አይደለም። ክፍሉ ስለ ቀዘቀዘ ብቻ አየሩ ተለውጧል ማለት አይቻልም። መስኮትም ሲከፈት ከላይ በኩል ቢከፈት ይሻላል። እነዚህ ሦስት ምክሮች ዛሬ በማናቸውም ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ የሚያሳፍሩ አይደሉም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ስለ አየር መለኪያ የጻፉት ነው። በዚያ ዘመን አንገስ ስሚዝ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ የአየርን ንጽሕና የሚመረምሩበት ዘዴ ነበራቸው። ወይዘሪት ናይቲንጌል ይህ ዘዴ ቀላል ሆኖ እንደ ሙቀት መለኪያ በየክፍሉ እንዲገኝ ይመኛሉ፤ ቀጥለውም የተጨናነቀውን የሕዝብ ትምህርት ቤት ያነሣሉ። የሕፃናት ወረርሽኝ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ስለ ሆነ፣ መለኪያው ቢኖር ኖሮ ወላጆች ውጤቱን አይተው ልጃቸውን ከመላክ ይከለከሉ ነበር ባይ ናቸው። ያ ምኞት ዛሬ ተፈጽሟል። በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ በክፍል ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ወዲያው በቁጥር ያሳያል። ቁጥሩን የሚጠይቅ ወላጅ ግን ገና አላየንም።

ደራሲዋ መለኪያውን ተመኙ እንጂ ወሰን አላበጁለትም። ወሰኑን ያበጁት ከእርሳቸው አንድ ዓመት ቀድመው፣ በ1858፣ የሙኒኩ ሊቅ ማክስ ፔተንኮፈር ናቸው። በእርሳቸው አስተያየት ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ አንድ እጅ ማለፍ የለበትም። ጋዙ በዚህ መጠን ራሱ መርዝ አይደለም፤ የሌባው ዱካ እንጂ ሌባው አይደለም። ሰዎች ተንፍሰው ያወጡት አየር በክፍሉ ውስጥ ምን ያህል እንደ ተጠራቀመ ግን ይመሰክራል።

እስቲ በዚህ ሚዛን አንድ ክፍል እንመዝን። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 7፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን 168 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 60 ተማሪዎች ተቀምጠውበት እያንዳንዳቸው በሰዓት 15 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያወጡ፣ በ40 ደቂቃ ትምህርት 600 ሊትር ይሆናል። በሩና መስኮቱ ፈጽመው ቢዘጉ፣ ከሚሊዮን 420 እጅ ያህል ይዞ የጀመረው አየር ደወሉ ሲደወል ወደ 4,000 ይደርሳል፤ ከፔተንኮፈር ወሰን አራት እጥፍ ማለት ነው። ከወሰኑ እንዳያልፍ ከተፈለገ የክፍሉ አየር በየሰዓቱ ከ9 ጊዜ በላይ መለወጥ አለበት። በእርግጥ ፈጽሞ የታሸገ ክፍል የለም፤ ቢሆንም ስሌቱ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ያሳያል።

አሁን ወደ መጽሐፉ ስሕተት እንለፍ። ወይዘሪት ናይቲንጌል የተበላሸ አየር ራሱ በሽታን ይፈጥራል ብለው ያምኑ ነበር። በሽታ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል የሚለውን አሳብ ይነቅፋሉ፤ ፈንጣጣ እንኳ በታፈነ ክፍል ውስጥ ከራሱ ሲነሣ አይቻለሁ እስከ ማለት ደርሰዋል። ይህ አይጸናም። ዓለም ከፈንጣጣ መጽዳቱ በ1980 ሲታወጅ ድሉን ያስገኙት ክትባትና ክትትል እንጂ የተከፈቱ መስኮቶች አልነበሩም። ነገር ግን የእርሳቸውን ምክንያት የጣሉት ሊቃውንት ምክራቸውንም አብረው ጣሉት። አሜሪካዊው የጤና ሹም ቻርልስ ቻፒን በ1910 ባሳተሙት መጽሐፍ በሽታ በአየር የሚተላለፍበትን መንገድ እጅግ አሳነሱት፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዋናው ጥንቃቄ እጅን መታጠብና ከሚያስለው ሰው መራቅ ሆኖ ቆየ። ዊልያም ዌልስ የተባሉ ተመራማሪ ግን ከ1937 እስከ 1941 በፊላደልፊያ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከክፍሉ የላይኛው ክፍል አየሩን የሚያጸዳ የአልትራቫዮሌት መብራት አቁመው፣ መብራቱ ባለባቸው ክፍሎች ኩፍኝ እንደ ሌሎቹ እንዳልተዛመተ አሳዩ። ኩፍኝ በአየር ውስጥ ተንሳፎ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ከ2020 ወረርሽኝ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ወደ ክፍል እንዲገባ በ2021 ሲመክር፣ የናይቲንጌል መስኮት በሌላ ምክንያት ተመልሶ ተከፈተ። ደራሲዋ በምክንያቱ ተሳስተው በሥራው ትክክል ነበሩ።

ለእኔ ከዚህ ስሕተት የበለጠ የሚታየኝ ግን ጉድለቱ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለአስታማሚ ነው። አስታማሚዋ በክፍሉ ላይ ሥልጣን አላት፤ በሽተኛው ተኝቷል፣ ብርድ ልብስ ደርቧል፣ በምድጃውም እሳት ይነዳል። በአልጋ ያለ ሰው በተከፈተ መስኮት ብርድ አያገኘውም ሲሉ ለዚያ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። በደጋው አገራችን ባለ የመማሪያ ክፍል ግን አልጋም፣ ብርድ ልብስም፣ እሳትም የለም። የመስኮቱም ጌታ ከአጠገቡ የተቀመጠው ልጅ እንጂ መምህሩ አይደሉም።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ሁለት ሕንፃዎች ነበሩ። የአሮጌው የድንጋይ ቤት ጣራ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከግድግዳው አናት ላይ ወንፊት ሽቦ የተወጠረባቸው፣ መዝጊያ የሌላቸው ክፍት ቦታዎች ነበሩት። የአዲሱ ኮርኒስ ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ መስተዋት ቢሆኑም ከየመስኮቱ የሚከፈተው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ለብርሃን ታስቦበታል፤ ለአየር ግን አልታሰበበትም። በታኅሣሥ ጧት ያንን አንድ ክንፍ የምዘጋው እኔ ነበርኩ። መምህሩ ሲያስከፍቱኝ እከፍታለሁ፤ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ሲመልሱ መልሼ እዘጋለሁ፤ ጓደኞቼም ያመሰግኑኝ ነበር። ከቀትር በፊት ባለው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ብዙዎቻችን እናንቀላፋለን፤ መምህሩም ስንፍና ነው ብለው ይቆጡናል። አንዱ ያሳለ እንደ ሆነ በሳምንቱ ብዙዎቻችን እናስላለን። በአሮጌው ቤት ስንማር ግን ብርዱን ብናማርርም የሚዘጋ ነገር ስላልነበረ ካፖርትና ጋቢ ደርበን እንቀመጥ ነበር።

በአውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት አንባቢ ሁሉ ያውቃል። «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ሊመታን ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ይህ ፍርሃት በእናቶቻችን ምክር የገባ ስለ ሆነ በአንድ ሰዓት የጤና ትምህርት አይወጣም። ስለዚህ የክፍል አየር በሰው ፈቃድ ላይ ብቻ መጣል የለበትም፤ ከግድግዳው ጋር አብሮ መሠራት አለበት። መጽሐፉ የጎደለው ይህ ነው።

ከግንባታው ሥራ ብዙ እንደሚገኝ ማስረጃ አለ። በ2007 የታተመ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ በ8 ሆስፒታሎች ውስጥ 70 ክፍሎችን መርምሮ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ጣራቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነ ክፍሎች በርና መስኮታቸው ሲከፈት አየራቸው በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ሲለወጥ፣ በአዲሶቹ የተለወጠው 17 ጊዜ ያህል ነው። ጥናቱ የተደረገው ስለ ሳምባ ነቀርሳ መተላለፍ ሲሆን፣ ይህ በሽታ ዛሬም በአገራችን አለ። እነዚያም አሮጌ ክፍሎች ቢሆኑ መስኮታቸው ከተዘጋ ጥቅማቸው ይቀራል፤ ስለዚህ ከሰፊው መስኮት ሌላ የማይዘጋ መተንፈሻ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰው አቧራው፣ የመኪናው ጭስና ጩኸቱስ እንዴት ይሁን ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደራሲዋም የሚገባው አየር ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ እንዳለበት አስጠንቅቀዋል። መልሱ ግን መተንፈሻውን ከመንገዱ ይልቅ ወደ ግቢው፣ ከመጸዳጃውና ከማዕድ ቤቱም አርቆ ማድረግ ነው እንጂ መዝጋት አይደለም። ብርዱም ቢሆን መተንፈሻው ከተማሪው ራስ በላይ፣ ከጣራው ሥር፣ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ከሆነ በቀጥታ አይመታም፤ የሞቀውም አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚያው ይሄዳል። ዝናቡን የጣራው ጠርዝ ረዘም ካለ ይከለክለዋል።

ይህ ሁሉ በአዲስ ሕንፃ ላይ ብዙ ወጪ የሚጨምር አይደለም፤ ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይሆናል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ፕላን የሚያጸድቁ ሰዎች አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ነው፤ ተማሪው መስኮቱን ቢዘጋ አየሩ በየት በኩል ይለወጣል? እኛም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ መለኪያ ተውሰን፣ በምንማርባቸው ክፍሎች በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሚታየውን ቁጥር መዝግበን በዚሁ መጽሔት ብናወጣ፣ ወይዘሪት ናይቲንጌል ከወላጆች የጠበቁትን ጥያቄ ልንጀምረው እንችላለን።