የዘር ሐረግ በደመወዝ መዝገብ ውስጥ

በቅኝ ግዛት ዘመን በህንድ ጦር ያገለገለ አያቱን ወይም ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው የሚያገላብጠው መዝገብ ለእሱ ተብሎ አልተጻፈም። ጦሩን ያቋቋመው የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ነጋዴ ነበር፤ ያስተዳደረውም በነጋዴ ደንብ ነው። ማን መቼ በመርከብ ተሳፈረ? ስንት ይከፈለዋል? ሲሞት ጡረታው ለማን ይዞራል? ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኘው፣ ኩባንያውን የተካው የህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰነድ በአብዛኛው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። የምርምሩ ብርታትም ድካምም ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለኛል፤ መዝገቡ አጥብቆ የሚያስታውሰው ገንዘብ የሚጠየቅበትን ሰው ነው።

የእንግሊዛዊ መኮንን ዱካ ብዙ አያደክምም። ሠራዊቱ የቤንጋል፣ የማድራስና የቦምቤይ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ስለነበር፣ ፈላጊው ከሁሉ በፊት የትኛው እንደሆነ ይለያል። ከዚያ የዕጩ መኮንንነት ማመልከቻው፣ የአገልግሎት ዝርዝሩ፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቡ በየተራ ብቅ ይላሉ። ቬርነን ሆድሰን የተባለ አጥኚ ከ1758 እስከ 1834 እ.ኤ.አ. በቤንጋል ጦር ለነበሩት መኮንኖች ብቻ አራት ቅጽ አዘጋጅቷል።

ነገሩ የሚከብደው እናት ጋ ሲደረስ ነው። በጥምቀት መዝገቡ የአባት ስም፣ ማዕረግና ሬጅመንት በጥንቃቄ ሰፍሮ ሳለ፣ እናትየው ህንዳዊት ከሆነች ብዙ ጊዜ «የአገሬው ሴት» ተብላ ትታለፋለች፤ ቢበዛ ክርስትና ስትነሣ የወጣላት ስም ይጻፍላታል። ጸሐፊው ሰንፎ ብቻ አይደለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1791 ከወላጆቹ አንዱ ህንዳዊ የሆነን ሰው ከሹመት አገልግሎቱ ስላገደ፣ እናትን መደበቅ ለልጅ እንጀራ ነበር። የታሪክ ተመራማሪዋ ዱርባ ጎሽ እነዚህን ሴቶች የፈለገቻቸው ከጦር መዝገብ ይልቅ በኑዛዜና በፍርድ ቤት ወረቀት ውስጥ ነው፤ ይህ የአካሄድ ለውጥ ለቤተሰብ ታሪክ ፈላጊም ትልቅ ትምህርት አለው። በቤተሰብ ወግ ግን ስም ያጣችው ሴት ብዙውን ጊዜ ልዕልት ሆና ትገኛለች። ልዕልት ብትሆንማ ኖሮ ስሟ ባልጠፋ!

ሲፖይ የሚባለው ህንዳዊ ተራ ወታደርስ? የእሱ ነገር በአንድ ቃል አይቋጭም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 የፑንጃብ መንግሥት ያዘጋጃቸውና በላሆር ሙዚየም የተቀመጡ መዝገቦች፣ በጦርነቱ ያገለገሉ ወደ 320,000 የሚጠጉ ሰዎችን በየመንደራቸው ይዘረዝራሉ። ግሪንዊች ዩኒቨርሲቲና በብሪታንያ ያለ የፑንጃብ ቅርስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 የሦስት አውራጃዎችን መዝገብ በኢንተርኔት ለፍለጋ ክፍት አድርገዋል። እዚህ ላይ የፍለጋው ዘዴ ራሱ ይለወጣል። የአውሮፓ የዘር ቆጠራ በቤተሰብ ስም የሚሄድ ሲሆን፣ ሺህ «ሲንግ» ባለበት አገር ግን ሰውን ለይቶ የሚያወጣው የአባቱ ስምና መንደሩ ነው። በውጭ አገር ቅጽ ላይ የአባቱን ስም «የቤተሰብ ስም» አድርጎ ለመጻፍ የተገደደ የአገሬ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ስሙ የተጻፈለት ሁሉ በሐውልት ላይ አልሰፈረለትም። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 የተመረቀው የኑቭ ሻፔል መታሰቢያ፣ መቃብራቸው ያልታወቀ ህንዳውያን ወታደሮችን በስም ይጠራል። በኢራቅ የባስራ መታሰቢያ ግን የህንዳውያን መኮንኖች ስም ሲቀረጽ፣ ተራ ወታደሮቹ በየሬጅመንታቸው በቁጥር ብቻ ሰፍረዋል። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ህንዳውያንን ጨምሮ ከ45,000 እስከ 54,000 የሚደርሱ ሟቾች እኩል መታሰቢያ እንዳላገኙ አምኗል። አንድ ጦር፣ አንድ ጦርነት፤ ልዩነቱ የሞቱበት ቦታና ማን ሊያየው ይችላል የሚለው ግምት ይመስላል።

ጉዳዩ ከእኛም ታሪክ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ የወጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከቦምቤይ የተነሣ ሲሆን፣ ከ13,000 ገደማ ተዋጊዎቹ አብዛኞቹ ህንዳውያን ነበሩ። ለዘመቻው የተሰጠው ሜዳልያ የተሸላሚውን ስም በጀርባው ስለሚይዝ፣ ለዘር ፈላጊ እንደ ሰነድ ያገለግላል። የእኛ የመቅደላ ጽሑፍ ግን በተዘረፈው ቅርስ ላይ ሲያተኩር፣ ያን ሠራዊት በደፈናው «እንግሊዝ» ብሎ ያልፈዋል። የዘመቻውን ደመወዝና ሜዳልያ ዝርዝር ከአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ምንጮች ጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ከመርከብ የወረደው ማን እንደነበር በስም መጥራት ይችላል፤ ቢያንስ ሜዳልያ የተሰጠውን። ወደ 26,000 የሚገመቱት ጓዝ አጓጓዦችና አገልጋዮች በግምት ቀርተዋል። ዝሆኖቹ ተቆጥረዋል፤ 44 ነበሩ።