«ኢስማኢሊያ» እና ያልተነገረላት ሴት

የሳሙኤል ቤከር «ኢስማኢሊያ» በ1874 ታትሞ የወጣ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ በላይኛው ዓባይ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ስለተደረገ ዘመቻ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። የዘመቻው ሰፈር ጎንዶኮሮ ከዛሬይቱ ጁባ አጠገብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነበረ። ቤከር በ1871 የግብፁን ገዥ የእስማኤልን ሰንደቅ ዓላማ እዚያ ተከለ፤ ነጻ አውጪነትና አገር መያዝ አብረው መጡ ማለት ነው። ይህን ብዙዎች ተችተውታል፤ የእኔ ትችት ግን ሌላ ነው።

አብራው የዘመተችው ባለቤቱ ፍሎረንስ፣ የሕይወት ታሪኳን የጻፉ እንደሚሉት፣ በ1859 በኦቶማን ግዛት በቪዲን ከተማ ለባርነት ልትሸጥ የቀረበች ልጃገረድ ነበረች። መጽሐፉ በ1872 ከማሲንዲ ሲያፈገፍጉ ያሳየችውን ብርታት ያወሳል፤ ይህን ግን አያነሳም። ባሪያ ነጻ ለማውጣት የዘመተ ሰው የገዛ ሚስቱን ታሪክ ስለምን ሸሸገ? የዘመኑን የእንግሊዝ ባላባት ሐሜት ፈርቶ ይመስለኛል፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በቤተ መንግሥቷ አልተቀበለቻትም።

በ1840 ለንደን ላይ በተደረገው የፀረ ባርነት ጉባኤ ከአሜሪካ የመጡ ሴቶች ልዑካን ከጉባኤተኛው ተለይተው ተመልካች ሆኑ፤ ከእነርሱ አንዷ ሉክሪሺያ ሞት በ1848 ከኤልሳቤጥ ስታንተን ጋር የሴኔካ ፎልስን የሴቶች መብት ስብሰባ ጠራች። የታሪክ መምህራን «ኢስማኢሊያን» ከዚህ ጎን አድርገን ብናነበው ዝምታው ይበልጥ ይሰማናል። የፍሎረንስ የራሷ የዘመቻ ማስታወሻ የታተመው በ1972 ነው። ለክፍል ንባብ ከባሏ ወፍራም መጽሐፍ ይልቅ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።