ከምድጃው በላይ የከረመ ዘር

ግንቦት ሲጋመስ ጎጃም ገጠር ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው። ከምድጃው በላይ፣ ልባሳቸው ወደ ኋላ ተገልብጦ ሁለት ሁለት ሆነው የታሰሩ የበቆሎ ራሶች ተንጠልጥለዋል። የወጡና የቡናው ጭስ ሲያጥናቸው ከርሞ ጥቀርሻ ለብሰዋል። ጭስ ነቀዝ አያስደርስም፤ ፍሬውንም ያደርቃል። ጎተራው ቢሟጠጥ እንኳ ወደዚያ እጅ አይሰነዘርም። የእናቶቻችን ትልቁ ጥንካሬ ለእኔ ይህ ነው፤ ልጅ እየራበው ዘር ማስቀረት ቀላል አይደለም።

ዝናቡ አፈሩን ሲያርሰው ራሶቹ ይወርዳሉ። ሲፈለፈሉ ማየት ደስ ይላል። የጫፉና የግርጌው ፍሬ ለንፍሮ ይለያል፤ ለዘር የሚመረጠው የመሐሉ፣ እኩል እኩል የሆነው ነው። ቆረቆንዳው ወደ እሳት። ጓሮው ደግሞ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመ ፍግና አመድ ተበትኖበት ጠቁሯል፤ ዘሩ ሲዘራበት ልጆች ዶሮ ያባርራሉ። በበቆሎው መሐል ዱባ፣ በአጥሩ ጥግ ጎመን ይገባል። ራቅ ያለው ማሳ ገና እርሻ ሲጠብቅ የጓሮው ይበቅላል፤ ነሐሴ ሲያልቅ፣ ጎተራ በጎደለበት ሰሞን፣ እሸቱ ይደርሳል።