መውደቅን የማያሳይ መምህር

እህቴ የጠራችኝ ለፍርድ ነው። «አንተ መቼም የምታነብ፣ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ ይህን ነገር እየውና ፍረድ» አለችኝ። የምፈርድበት ነገር አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ቴአትር መስሎኝ ነበር። ለካ የልጇ ስልክ ኖሯል። ጊዜው የ2015 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ቦታው ደብረ ማርቆስ። የአሥራ አምስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ግራ እጁን በጄሶ አስሮ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ማንም አልመታውም፤ ከዛፍም አልወደቀም። እጁን የሰበረው ሲማር ነው። መምህሩ ደግሞ እሱን አይቶት የማያውቅ፣ እሱም በስልክ መስኮት እንጂ በአካል አይቶት የማያውቀው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የሚማር ጓደኛው አንድ አሮጌ ስኬትቦርድና አሥራ አንድ ቪዲዮዎች የተጫኑባት ሚሞሪ ካርድ ይዞለት መጣ። ከአሥራ አንዱ አራቱ የስኬትቦርድ፣ ሰባቱ የስኖውቦርድ ትምህርቶች ናቸው። ስኖውቦርድን ለማያውቅ አንባቢ፦ ሁለት እግርን በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ አስሮ በበረዶ ቁልቁለት መንሸራተት ነው። ፍሪስታይል በሚባለው ዘርፍ ዋናው ጉዳይ ታች ቶሎ መድረሱ ሳይሆን በመንገድ ላይ መዝለሉ፣ በአየር ላይ መዞሩ፣ ዞሮም በእግር ማረፉ ነው። ዙሩ በዲግሪ ይቆጠራል፤ ግማሽ ዙር 180፣ ሙሉ ዙር 360፣ ሁለት ዙር 720፣ ሦስት ዙር 1080። ስኖውቦርድ በ1990 ዓ.ም. በናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ፤ መዝለያና መሰናክል በተደረደረበት ቁልቁለት ላይ የሚደረገው ስሎፕስታይል ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በሶቺ ተጨመረ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለደብረ ማርቆስ ልጅ ምኑ ነው? እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። በረዶን አናውቅም ማለት ግን አንችልም። የምናውቀው በረዶ በሐምሌና በነሐሴ ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ የቆመ አዝመራ የሚያነጥፈውን ነው። ከፍ ብሎ ጮቄ ላይ ውርጭ ሲጥል ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ቋንቋችን ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠርም፣ ከማቀዝቀዣ ለሚወጣውም፣ ባሕር ማዶ እንደ ጥጥ ለሚከመረውም ያው «በረዶ» የሚለውን ቃል ይሰጣል። ከቪዲዮዎቹ በአንዱ ውስጥ አሠልጣኙ «ለስላሳው በረዶ ላይ ብትወድቅ ምንም አትሆንም» ይላል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲተረጉምልኝ ሳቅን፤ እኛ የምናውቀው በረዶ ራሱ ሲወድቅብን ነው የሚያቆስለን።

ሰሌዳው ራሱ ግን የመጣው ከልጆች ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የገና ቀን ሸርማን ፖፐን የተባለ የሚሺጋን ሰው ሁለት የበረዶ ሸርተቴ ጣውላዎችን ጎን ለጎን አጣምሮ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ሠራላቸው። በኋላ ከአፍንጫው ላይ መያዣ ገመድ ታሰረለት። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ኩሽኔታችን ነው፤ ጣውላ፣ ከታች የጋራዥ ኩሽኔታ፣ ከፊት ገመድ፣ ከዚያ ቁልቁለት። ስለዚህ ልጁ የባዕድ ነገር አመለከ የሚለውን ክስ ከመዝገቤ ሰርዤዋለሁ።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ስኬትቦርድ እያለው የበረዶዎቹን ቪዲዮዎች ለምን እንደመረጠ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ የበረዶዎቹ አስተማሪዎች ረጋ ብለው ነው የሚያስረዱት» አለኝ። እውነቱን ነው። 180ን የሚያስተምረው ሰው ነገሩን አጥንት በአጥንት ይለያየዋል። መጀመሪያ ትከሻህን ከምትዞርበት በተቃራኒ ጠምዝዝ። ጉልበትህን እጠፍ። ከመዝለያው ጫፍ ስትደርስ ራስህና ትከሻህ ይቅደሙ፤ ወገብህ ይከተል፤ ሰሌዳው ከኋላ ራሱ ይመጣል። ዓይንህ የምታርፍበትን ይፈልግ። ይህን ሁሉ በዝግታ፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ከላይ ያሳየዋል። እኔ በዕድሜዬ ካየኋቸው መምህራን ስንቶቹ በዚህ ጥራት ያስረዱ ነበር?

ልጁም ሰምቶ ዝም አላለም። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው የአያቱ አውድማ ላይ የጤፍ ገለባ ተከምሯል። ጣውላ ፈልጎ፣ እግሩን በገመድ ጠፍሮ፣ ከፍ ካለው ካብ ላይ ወደ ገለባው እየዘለለ መዞር ጀመረ። ሊቃውንቱም ቢሆኑ የሚለማመዱት እንዲህ ነው፤ በበረዶ ላይ አዲስ ዙር ከመሞከራቸው በፊት አየር በተሞላ ትልቅ ፍራሽ ወይም ስፖንጅ በሞላበት ጉድጓድ ላይ ይዘላሉ። ልጁ ይህን አላነበበም፤ ራሱ ደረሰበት። በሁለት ሳምንት 180 ያዘ። ከዚያ ስኬትቦርዱን አንሥቶ ወደ ጎረቤት ግቢ ሊሾ ሄደ፤ የሠፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ነውና ጎማው አይሄድበትም። ትከሻውን ጠመዘዘ፣ ዘለለ፣ ራሱና ትከሻው ቀደሙ፣ ወገቡ ተከተለ። ሰሌዳው ግን አልመጣም።

እንዴት ይመጣል! የስኖውቦርድ ሰሌዳ በእግር ላይ የታሰረ ነው፤ የገለባው ጣውላም በገመድ ታስሮ ነበር። ስኬትቦርድ ግን ከእግር ጋር ምንም ውል የለውም፤ ካልመሩት ባለበት ይቀራል። እዚያ ላይ ሌላ ጥበብ፣ የኋላውን ጫፍ መትቶ ሰሌዳውን ከእግር ጋር የማስነሣት «ኦሊ» የሚባል ጥበብ ይቀድማል። ልጁ ባዶ አየር ላይ ዞሮ ሊሾው ላይ በእጁ አረፈ። ወጌሻው አንጓውን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ «ይሄ ስንጥቅ አለው፣ ወደ ሐኪም ውሰጂው» ማለቱን እህቴ እስካሁን እያደነቀች ታወራለች። ሳያይ አልተናገረም ነው ነገሩ።

እንግዲህ ሦስት ምሽት ተቀምጬ አሥራ አንዱንም አየኋቸው። እንደማንኛውም የጥበብ ሥራ ልያቸው ስል ወሰንኩ፤ ሰው ሠርቷቸዋልና፣ ሰውም አምኗቸዋልና። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ትምህርት የራሱን ወግ አበጅቷል። አሠልጣኙ እየሳቀ ይገባል፤ በስንት ደቂቃ እንደምትችለው ቃል ይገባልሃል፤ ሙዚቃ ይመታል፤ ይዘላል፣ ይዞራል፣ ያርፋል። ሁልጊዜ ያርፋል። ከአሥራ አንዱ ውስጥ በዘጠኙ አንድም ሰው ሲወድቅ አላየሁም። አንዱ ስለ አወዳደቅ ይናገራል፤ እጅህን ጨብጥ፣ በመዳፍህ አትደገፍ፣ በክንድህ ተቀበለው ይላል፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ያውም መጨረሻ ላይ፣ የስንብቱ ሙዚቃ ከጀመረ በኋላ። የእጅ አንጓ ስብራት የጀማሪ ስኖውቦርደኞች ዋነኛ ጉዳት መሆኑ እየታወቀ!

ይህን የመሰለ ሥራ ውበት የለውም አልልም። በዝግታ የሚዞር ሰው፣ ከበስተኋላው ነጭ ተራራ፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ትምህርት ነኝ ብሎ የመጣ ሥራ በውበቱ ብቻ አይመዘንም። የእኔ ቅሬታ መምህሩ ሩቅ መሆኑ አይደለም። መጽሐፍም ሩቅ መምህር ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ተምረንበታል። ቅሬታዬ በሥዕሉ ውስጥ ተማሪው አለመኖሩ ነው።

ይህን ለማስረዳት ሌላ ትምህርት ቤት ልጥራ፤ ጎጃም ነውና የምንጫወተው፣ ሩቅ አልሄድም። በልጅነቴ አንድ ክረምት የቅኔ ቤት ደጅ ረግጫለሁ፤ አልዘለቅኩበትም። ግን አንድ ነገር አልረሳሁም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ከ180 ወደ 360 እንደማለት ነው። ጠዋት ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ተቀምጦ ይቆጥራል። ማታ ግን የቆጠረውን በየኔታ ፊት ይነግራል። የኔታም ያርማሉ፤ አገባቡ ሄዷል፣ ምሥጢሩ አልተገናኘም፣ ቤት አልመታም። እኔ ከራሴ ቅኔ የተማርኩት ጥቂት ነው። ከእኔ በፊት ተነሥቶ ሲነግር ከተሰበረበት ልጅ ግን ብዙ ተማርኩ። እሱ ሲታረም ዙሪያውን የተቀመጥነው ሁላችን እንታረም ነበር። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዲማም ሆነ ሌላው፣ ጉባኤ የሚባለው በከንቱ አይመስለኝም።

በዚህ ሚዛን ከአሥራ አንዱ አንዱን ብቻ አከበርኩ። ልጁ ብዙም አላየውም ነበር፤ መልከ ጥፉ ነው። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ሙዚቃ የለውም፣ ሰማዩ ደመና ነው። አንዲት ጠና ያለች ሴት አሠልጣኝ አንድ ጎልማሳ ተማሪ ይዛ ትታያለች። እሷ ራሷ አንዴም አትዘልም። እሱ ይዘላል፣ ይወድቃል። ሄዳ ታነሣዋለች፤ «ትከሻህ ቀደመ፣ እግርህ ቀረ፤ ቆየው» ትለዋለች። እንደገና ይወድቃል፤ አሁን ግን በሌላ ምክንያት። ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ ስድስቱም አወዳደቅ የተለያየ ነው። በሰባተኛው ሲያርፍ እኔ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ ከመደቡ ላይ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። አንድ ልብ ወለድ በደንብ ሲጻፍ የሚያደርገውን አደረገችብኝ፤ ስህተቱን ከሰውየው ጋር አብሬ ሠራሁት።

በስኬትቦርድ ዓለም እጅግ ከታወቁት ፊልሞች አንዱም እንደዚሁ የውድቀት ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 በሳን ፍራንሲስኮ ቶኒ ሆክ በአየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል፣ 900 ዲግሪ፣ ሲዞር ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በዚያው ምሽት ደጋግሞ ወድቋል፤ ካሜራውም አልሸሸም። ማንንም ላስተምር ብሎ አልተነሣም፤ ግን ከብዙ መምህራን ይልቅ አስተምሯል።

«በቪዲዮ ተምሮ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ አለ» ብሎ ልጁ ተከራከረኝ። አለ፤ ጎረቤታችን ነው። ኬንያዊው ጦር ወርዋሪ ጁሊየስ ዬጎ የቼኩን ያን ዜሌዝኒንና የኖርዌዩን አንድሬያስ ቶርኪልድሰንን ውርወራ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ እያየ ነው ጥበቡን የያዘው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ ወርቁን ወሰደ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በሪዮ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ አገኘ። ጋዜጣው ሁሉ «የዩቲዩቡ ሰው» አለው። ዜናው ግን ብዙ ጊዜ የሚዘልለው አንድ ምዕራፍ አለ፤ በመካከሉ ፊንላንድ ሄዶ፣ ቆሞ የሚያየው አሠልጣኝ አግኝቷል። ቪዲዮው በሩን ከፈተለት፤ ክንዱን ያረመው ግን ሰው ነው።

የእኛው ሮቤል ተክለማርያምም አለ። በ1998 ዓ.ም. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተሰለፈ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨርም ተሰልፏል። በረዶ መንሸራተትን የተማረው በልጅነቱ አሜሪካ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን በረዶ ሲያጣ ጎማ ባለው ሸርተቴ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። እንደ እህቴ ልጅ አንዱን መሣሪያ በሌላው ተካ። ልዩነቱ ሮቤል የትኛው እንቅስቃሴ ከበረዶ ወደ አስፋልት እንደሚሻገር፣ የትኛው እንደማይሻገር ሰውነቱ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ቪዲዮ የሚያየው ልጅ ይህን የሚነግረው የለም፤ አሠልጣኙ ተማሪው በምን ላይ እንደቆመ እንኳ አያውቅም።

የአዲስ አበባ የስኬትቦርድ ልጆችም በቪዲዮ ብዙ ተምረዋል። ግን በ2008 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ስኬት» ከውጭ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ የሠራው የኮንክሪት ሜዳ ሲከፈት ከቪዲዮው የጎደለው ነገር መጣ፤ ሌላው ሲወድቅ የሚያዩበት ቦታ። ከዓመታት በኋላ ሴቶቹም የራሳቸውን ቡድን አቋቁመዋል። አንዷ ስትሞክር ሌሎቹ ዳር ተቀምጠው ይመለከታሉ። ከቅኔ ቤቱ ጉባኤ ያለው ልዩነት ጫጫታው ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ እንዲህ ያለ ሜዳ ባይኖርም ሁለት ሦስት የሚያዩ ልጆች አይጠፉም ነበር፤ የእኛው ልጅ ግን መሳቂያ እንዳይሆን ብሎ ብቻውን ነበር የሚዘልለው።

ለእህቴ የሰጠሁት ፍርድ ይህ ነው፤ ልጁን አትከልክይው፤ መልከ ጥፉዋን ቪዲዮ አስቀድሞ ይያት፤ ሲዘልል ግን ሰው ይይለት፣ ስልኩም እሱን ይቅረጸው። «ማን ይቀርጸዋል፣ እኔ?» ብላ ሳቀች። እሷ ሆነች። ጄሶው ከተፈታ በኋላ፣ ከሥራ ስትመለስ ሊሾው ዳር ዱካ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ትይዝለት ጀመር። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በእጃቸው የቀሩት እነዚያው አሥራ አንድ ቪዲዮዎችና እሷ የቀረጸቻቸው ነበሩ። ከክረምቱ በኋላ አንድ ቀን ስደውልላት፣ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ ከተጠያየቅን በኋላ፣ ሳልጠይቃት «ትከሻው አሁንም ይቀድመዋል፤ እግሩ ነው የሚቀረው» አለችኝ።