ቪዲዮው ፍላሽ ላይ ይገባል?

የኦንላይን ኮርስ ግምገማዎችን ስታነቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ አስተማሪው፣ ስለ ሰርተፍኬቱና ስለ ዋጋው ነው። እኔ በሌላ መለኪያ ልጀምር፦ ትምህርቱ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ሊኑክስ በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ኔትወርክ በሌለበት ማታ ይታያል ወይ? ተራ ጥያቄ ይመስላል። ግን አሉ የሚባሉ ኮርሶች እዚህ ላይ ሲወድቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቀረጸ አንድ የሒሳብ ትምህርት ያለ ችግር ያልፋል።

ለምን ሊኑክስ? ነፃ ስለሆነ፣ ሊኑክስ ሚንትና ሉቡንቱን የመሳሰሉት ያረጀ ማሽን ላይም ስለሚሠሩ። ሌላም ምክንያት አለ። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ከተማ ፎልደሮቻችንን የሚደብቀውን «ሾርትከት ቫይረስ» የማያውቅ ተማሪ የለም። ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ እንደማንኛውም ፋይል ቁጭ ይላል እንጂ አይነሳም። የተደበቁት ፎልደሮችም እዚያ ላይ ይታያሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ጊልበርት ስትራንግ የሊኒየር አልጀብራ ኮርስ ከ30 በላይ ክፍሎች አሉት። ዩኒቨርሲቲው ትምህርቶቹን ለዓለም በነፃ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ ስትራንግ ደግሞ በ2023 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የመጀመሪያውን ክፍል ክፈቱት። ሁለት እኩልታዎች ይጻፋሉ፦ ሁለት ኤክስ ሲቀነስ ዋይ ዜሮ ነው፤ ኤክስ በኔጋቲቭ ሲደመር ሁለት ዋይ ሦስት ነው። እኛ እንደለመድነው ሁለት መስመር ስሎ የሚገናኙበትን ነጥብ መፈለግ አለ። ስትራንግ ያንን ካሳዩ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ያዞሩታል፦ (2፣ −1) እና (−1፣ 2) የሚባሉ ሁለት ቀስቶች አሉን፤ ከእያንዳንዳቸው ስንት ስንት ብንወስድ (0፣ 3) ላይ እንደርሳለን? ከመጀመሪያው አንድ፣ ከሁለተኛው ሁለት። መልሱ አልተለወጠም፤ ማትሪክስ ማለት ግን ከዚያ በኋላ የቁጥር ሠንጠረዥ መሆኑ ይቀርና የቀስቶች ድብልቅ ይሆናል። አሥራ አንደኛ ክፍል ማትሪክስን በቃላችን ለያዝን ሰዎች ይቺ ብቻ 40 ደቂቃውን ታዋጣለች።

እንከን የለውም አልልም። ካሜራው አንዳንዴ እሳቸውን ሲከተል ልታዩት የፈለጋችሁትን የሰሌዳ ክፍል ይተወዋል። በቪዲዮው መሃል ቆም አድርጎ ጥያቄ የሚጠይቃችሁ የለም። ማረጋገጫ የሚወድ ተማሪ ደግሞ ጥቂት ቦታዎች ላይ «ይኼ ለምን?» ብሎ ይቀራል።

ግን ሰውዬው የሚጽፉት በጠመኔ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፋይሉ መጠን ጋር ቀጥታ ይገናኛል። ቪዲዮ አሳንሶ የሚያስቀምጠውና መልሶ የሚፈታው ፕሮግራም (ኮዴክ ይባላል) እያንዳንዱን ምስል እንደ አዲስ አይጽፍም። አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ቆሞ የሚውል ሰሌዳ ፊት አንድ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚለወጠው ትንሽ ነው። በሰከንድ 300 ኪሎቢት ብትመድቡለት 2,400 ሰከንዱ 720,000 ኪሎቢት ይሆናል፤ ለ8 ስታካፍሉት 90 ሜጋባይት። ኮርሱ በሙሉ ሦስት ጊጋባይት አካባቢ ማለት ነው፤ ባለ 4 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል። ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ለእረፍት የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይመጣል። ፈቃዱም ለትርፍ እስካልሆነ ድረስ መቅዳትና ማጋራት ይቻላል ይላል። (ፊልም የሚጭኑልን ሱቆች በነፃ ይጭኑት እንደሆነ እንጃ!)

እዚህ ላይ ሊኑክስንም ልውቀስ። ኢንተርኔት ሳይኖር ኡቡንቱን ትጭናላችሁ፣ ፋይሉን ትከፍታላችሁ፣ ስክሪኑ ኮዴክ የለም ይላችኋል። ምክንያቱ የቴክኒክ ድክመት አይደለም። ብዙዎቹ ኤምፒፎር ፋይሎች የሚጠቀሙበት ኤች 264 የሚባለው ኮዴክ የፓተንት መብት ስላለበት አንዳንድ የሊኑክስ ሥርጭቶች አብረው አያድሉትም፤ «ከኢንተርኔት አውርድ» ይላሉ። ሚንት ራሱ ከ2016 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ኮዴኮቹን ከዲስኩ አውጥቷቸዋል። ለአምስተርዳም ተጠቃሚ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለቡሬ ተጠቃሚ ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። መፍትሔው ኢንተርኔት ባለበት፣ ያንኑ የሊኑክስ ቨርዥን በያዘ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲን ከነተጓዳኝ ፓኬጆቹ አውርዶ ከቪዲዮው ጋር በዚያው ፍላሽ መያዝ ነው። ቪኤልሲ ከተጫነ [ የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑ፤ ንግግሩ ቀስ ይላል፣ ድምፁ ግን አይወፍርም። ፕሮግራሙ ድምፁን በጣም አጫጭር ቁርጥራጮች ከፋፍሎ አንዱን ከሌላው ጫፍ ጋር እያደራረበ ስለሚዘረጋው ነው። እንግሊዝኛው ለፈጠነበት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ጋር የዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረውን የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ አነጻጽሩ። እንደ ማስተማሪያ ብቻ ካየነው ከስትራንግ ይበልጣል ባይ ነኝ፦ ቪዲዮዎቹ አጫጭር ናቸው፣ በየመሃሉ ጥያቄ አለ፣ መልሳችሁ ወዲያው ይታረማል። 155 ሺህ ያህል ሰው ተመዘገበ፤ ያለፈው 7 ሺህ ገደማ ነው። ቁጥሩ ብዙ ምክንያት አለው፤ እሱን ልተወው። የእኔ ቅሬታ አራሚው ያለው ሰርቨር ላይ መሆኑ ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ የኮርሱ ምርጡ ክፍል አብሮ ይጠፋል። ባለቤቱም ይለወጣል፦ ኮርሱን ይዞ የተነሳው ኤድኤክስ እ.ኤ.አ. በ2021 ቱዩ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ፤ ኩባንያው በ2024 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ዲስካችሁ ላይ የነበረው ስትራንግ ማስተማሩን አላቆመም።

በአገራችን ይኼ ክርክር አዲስ አይደለም። ታላላቆቻችሁን ስለ «ፕላዝማ» ጠይቋቸው። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሰራጨት ሲጀምር ይዘቱ የተጠና ነበር፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ ያሳይ ነበር። ችግሩ ማቆም አይቻልም። ተማሪው ሳይጽፍ ስላይዱ ያልፋል፣ መምህሩ «አንዴ ቆይ» ማለት አይችልም፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ። ይዘቱ ለእያንዳንዱ መምህር በዲስክ ቢሰጥ ኖሮ ያው ቪዲዮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር፤ የስፔስ ቁልፍ እኮ ያለችው መምህሩ እጅ ላይ ትሆን ነበር።

እና አሁን በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ሆነ ነገ የሚመጣውን ሌላ ስትመዘኑ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አንዱን ቪዲዮ ለማውረድ ሞክሩ። ከወረደ ኔትወርኩን አጥፉና በሊኑክሳችሁ ክፈቱት። ስትራንግን ለጓደኛ ስታጋሩ ደግሞ የንግግሩን ጽሑፍና የመልመጃ ፋይሎቹን አብራችሁ ቅዱ፤ ከድረ ገጹ ላይ ለየብቻቸው ስለሚወርዱ ብዙ ሰው ይረሳቸዋል።