የእንጨት ጠመንጃ በትምህርት ቤት መድረክ

ይርጋጨፌ አጠገብ በምትገኘው በኮንጋ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን በዓል ላይ ተገኝቼ ነበር። መዝሙሩ ተዘመረ፣ ሽልማቱ ታደለ። በመጨረሻም አምስት ወንዶች ልጆች የካርቶን ዝናር ታጥቀው፣ ከባሕር ዛፍ የተጠረበ ጠመንጃ አንግበው ብቅ አሉ። ሸለሉ፤ ፎከሩ። «ገዳይ!» እያሉ ሲንጎራደዱ ሜዳው በእልልታ ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የጌዴኦ ሽማግሌ ግን እጃቸውን ከከዘራቸው ላይ አላነሡም።

«አባባ፣ አልወደዱትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጆቹስ ጎበዞች ናቸው» አሉኝ፤ «የሚገደለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ግን አልነገሩንም።»

ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለመሆኑ ስለ ጠመንጃና ስለ ትምህርት ቤት ሲነሣ አሜሪካን ብቻ የምናማው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሎምባይን ሁለት ተማሪዎች 12 ጓደኞቻቸውንና አንድ መምህር ገድለው ራሳቸውን ካጠፉ ወዲህ፣ በየሻይ ቤቱ የምንሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ያበላሻቸው ፊልማቸው ነው» እንላለን። እስቲ እንግዲያው ፊልማቸውን እንየው።

ጋስ ቫን ሳንት የሠራው «ኤለፋንት» ወይም «ዝሆን» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2003 በካን ከፍተኛውን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን አግኝቷል። ታሪኩ በኮሎምባይን አምሳል የተቀረጸ የአንድ ትምህርት ቤት ውሎ ነው። ዳይሬክተሩ ሰዎች «ምክንያት» የሚሉትን ሁሉ ይደረድርልናል፦ ልጁ በክፍል ውስጥ ይዋረዳል፤ የተኩስ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ስለ ሂትለር የሚያወሳ ፕሮግራም ያያሉ። ያው ልጅ ግን ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ቤትሆቨንን ይጫወታል። እንግዲህ የቱ ነው ገዳይ ያደረገው? ፊልሙ አይመልስም። አንዳንድ ሐያስያን ይህን እንደ ሽሽት ቆጥረውበታል። እኔ ግን አንድ ትዕይንት መልሱን ይዟል ባይ ነኝ። አንድ መልእክተኛ በር ያንኳኳል፤ ሳጥን ያስረክባል፤ ይሄዳል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ጠመንጃ ነው። ሌላው ሁሉ ግምት ሲሆን ሳጥኑ ግን ግምት አይደለም።

የሕጉ ክርክርም የሚያርፈው እዚሁ ሳጥን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በስኮትላንድ ደንብሌን 16 ሕፃናትና መምህርታቸው ተገደሉ፤ ብሪታንያ በማግሥቱ ዓመት ሽጉጥን ከግለሰብ እጅ ከለከለች። በዚያው በ1996 በአውስትራሊያ ፖርት አርተር 35 ሰዎች ተገደሉ፤ መንግሥት ከስድስት መቶ ሺህ በላይ መሣሪያ በገንዘብ እየገዛ አስወገደ። የእነዚህ አገሮች ልጆች የሚያዩት ፊልም ያው የአሜሪካው ነው። ስለዚህ «ፊልሙ ነው» የሚለው ፍርዳችን ሩቅ አያስኬድም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቶልናል፤ መሣሪያ መያዝ በፈቃድ ሆኗል። «ፖሊስ በሌለበት በረሃ ከብቴን በምን ልጠብቅ?» የሚለው አርብቶ አደር ጥያቄው ጥያቄ ነው፤ ሕጉ ሊመልስለት ይገባል። ሕጉ የማይደርስበት ግን ሌላ ቦታ አለ፤ እርሱም አንደበታችን ነው። «ገዳይ» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት ወንጀለኛ፣ በፉከራ ግን ጀግና ማለት ነው። ምንሽሩን፣ ውጅግራውን፣ ዲሞትፈሩን እንደ ልጅ በስም እየጠራን ስናሞግስ ኖረናል። የሟቹን ስም ግን ማን ያነሣል?

ፉከራ ይጥፋ አላልኩም። ዓድዋን ያለ ፉከራ ማሰብ አይቻለኝም፤ ምቱና የቃላቱ ጉልበት የኪነት ሀብታችን ነው። ነገር ግን ኪነት በሰሚው ጆሮ ይመዘናል። «ነፍጠኛ» የሚለው ስም በጌዴኦ ምድር ከገባርነት ጋር የመጣ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. ሚጭሌ ላይ ጦር ይዘው የተነሡት ገበሬዎች የገጠማቸው የባለርስቱ ጥይት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ከመጠለያዎቻቸው አንዱ ትምህርት ቤት ነበር። ሽማግሌው ያላጨበጨቡት ኪነት ስለማይገባቸው አይደለም። ከሁላችንም ይልቅ የገባቸው እርሳቸው ናቸው።

«የእንጨት ጠመንጃ ማንን ገደለ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ማንንም አልገደለም። እኔም የኮንጋ ልጆች ነገ ክፍላቸው ውስጥ ይተኩሳሉ ብዬ አልሟረትም። ነገር ግን «ዝሆን» አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ኋላ ከሚሞቱት ልጆች ጋር ነው፤ የአንዳንዶቹን ስም በጽሑፍ እያሳየ፣ በኮሪደሩ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል። አንዱ ፎቶ ያነሣል፤ አንዷ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ታገለግላለች። ጥይቱ ሲመጣ የሚመታው የምናውቀውን ሰው ነው። የእኛ መድረክ የጎደለው ይኸው ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቶቻችን የኪነት መምህራን አንድ አደራ አለኝ። በሚመጣው ዓመት አምስቱ ልጆች ሲፎክሩ ስድስተኛ ልጅ ይጨመር፤ ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ይቁም፤ ስሙንና የእናቱን ስም ይንገረን። ያን ጊዜ የምናጨበጭብ እንደሆነ እናያለን።